ከመጋረጃው ኋላ ያለው ጆሮ

ባለፈው ቅዳሜ ማታ እዚሁ ቁረይሻ በመጠለያችን ወጣቶች የቀረበውን ትያትር ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። የመረጡት ሼክስፒር ከ400 ዓመት በፊት የጻፈውን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን «ሐምሌት»ን ነው። አሳጥረው የስለላውን ክፍል ብቻ አሳዩን። ምርጫው ብልህነት አለው፤ በዚህ ድርሰት ውስጥ የማይሰልል ወይም የማይሰለል ሰው ከቶ ጥቂት ነውና። ሽማግሌው ፖሎኒየስ ፓሪስ ባለው በገዛ ወንድ ልጁ ላይ ሰላይ ይልካል፤ ሴት ልጁን ማጥመጃ ያደርጋታል፤ በመጨረሻም ከመጋረጃ ኋላ ተሸሽጎ ሲያዳምጥ በሐምሌት ሰይፍ ይወጋል።

ለመጋረጃ የተሰቀለው ብርድ ልብስ ወርዶ ሽማግሌው ሲዘረጋ ምን ያህል እንደሳቅን ታስታውሳላችሁ። ተዋናዩ ትንፋሹን ውጦ የቆመበት አኳኋንም የሚደነቅ ነበር።

ቅሬታዬ ትያትሩ እዚያ ላይ ማለቁ ነው። ደራሲው ግን አላቆመም። ንጉሡ የሐምሌትን የልጅነት ጓደኞች ሮዘንክራንትዝንና ጊልደንስተርንን አስጠርቶ ምስጢሩን እንዲያወጣጡት ያዛቸዋል። ኋላም ወደ እንግሊዝ እንዲወስዱት ሲልካቸው፣ ሐምሌት እንዲገደል የሚያዝ የታሸገ ደብዳቤ ያስይዛቸዋል። ሐምሌት ደብዳቤውን በሌሊት ሰርቆ ያነበውና፣ የጓደኞቹን ሞት የሚያዝ ሌላ ጽፎ ይተካበታል። ሁለቱ የደብዳቤውን ቃል ያውቁ ነበርን? ሼክስፒር አይነግረንም። ሐምሌትም አልጠየቃቸውም። ጥርጣሬ ብቻውን ፈረደ፤ የተሰለለው ራሱ ሰላይም ገዳይም ሆነ።

ይህ ነገር ለእኛ ተረት አይደለም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ሰው በአንድ ጥቆማ፣ ቃሉን ሳይሰጥ እንዴት እንደተገደለ ታላላቆቻችን ያውቁታል። በትያትሩ ማግስትም ፖሎኒየስን ሆኖ የተጫወተው ልጅ የውሃ ወረፋ ሲይዝ «ጆሮ ጠቢው መጣ» ሲባል ሰማሁ። ሁሉም ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ነገር ግን በስደት መንደር ይህ ስም በእውነት የተለጠፈበት ሰው በሳቅ አይገላገለውም፤ ቡና የሚጠራው ጎረቤት ያጣል።

እንግዲህ ወጣቶቻችንን እያመሰገንሁ፣ ሌላ ጊዜ የደብዳቤውን ትዕይንት እንዲጨምሩልን እለምናለሁ። ከመጋረጃው ኋላ በቆመው መሳቅ ቀላል ነው። ከመጋረጃው ፊት ተቀምጠን ሳንጠይቅ የምንፈርደውን እኛንም ያሳዩን።