ጥምጥም የጠመጠመው ሰው፦ «የአቴና ትምህርት ቤት» የተባለው ሥዕልና ኢብን ሩሽድ

ጣሊያናዊው ሠዓሊ ራፋኤል እ.ኤ.አ. ከ1509 እስከ 1511 ባለው ጊዜ በቫቲካን ቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ የሣለው «የአቴና ትምህርት ቤት» የአውሮፓ የህዳሴ ዘመን መለያ ተደርጎ ይቆጠራል። በመካከሉ ፕላቶና አርስቶትል ጎን ለጎን ይራመዳሉ፤ በዙሪያቸው ከ50 የሚበልጡ ሰዎች ይታያሉ። በግራ በኩል ከታች፣ ተቀምጦ ከሚጽፈው ፓይታጎረስ ጀርባ፣ ጥምጥም የጠመጠመ ሰው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ ይመለከታል። ብዙ የጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህ ሰው አውሮፓውያን አቬሮስ የሚሉት ኢብን ሩሽድ (520–595 ዓመተ ሂጅራ) ነው ይላሉ። ዑለማኦች በሕያዋን ምስል ላይ ያላቸው ብይን የታወቀ ስለሆነ፣ እኛ ሥዕሉን የምንመረምረው እንደ ታሪክ ማስረጃ ብቻ ነው።

ይህን ለማንሣት ያስገደደን ምክንያት አለ። ሥዕሉ በትምህርትና በንግግር መካከል «የአውሮፓ ህዳሴ የእኛ ሥራ ነው» ለሚለው አባባል ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ እንሰማለን። ዘገባን ያለ ሰነድ ላለመቀበል የሠለጠነ ኡማ ለዚህም ጉዳይ ሰነዱን መጠየቅ ይገባዋል። ራፋኤል ፕላቶና አርስቶትል በያዟቸው መጻሕፍት ላይ ርእሳቸውን ጽፏል፤ ለባለ ጥምጥሙ ሰው ግን ስም አልጻፈለትም። ስለዚህ መታወቂያው ከሠዓሊው የተገኘ ቃል ሳይሆን የተመልካቾች ግምት ነው። ግምቱ ሚዛን የሚደፋ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም እንደ ግምት መነገር አለበት።

ግምቱን ብንቀበል እንኳ በሥዕሉ ላይ አንድ ነቀፌታ አለን። ኢብን ሩሽድ ዕድሜውን የሰጠው የአርስቶትልን መጻሕፍት ለማብራራት ነው። ማብራሪያዎቹ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ላቲን ከተተረጎሙ በኋላ የአውሮፓ ተማሪዎች አርስቶትልን ሲያነቡ የኖሩት በእርሱ መሪነት ነው። በሥዕሉ ግን ከአርስቶትል ርቆ፣ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ አሻግሮ የሚያይ ተመልካች ሆኗል። አስተማሪ የነበረው ሰው የተማሪ ቦታ ተሰጠው።

ያም ሆኖ ፍትሕ ማጉደል አይገባንም። እ.ኤ.አ. በ1360ዎቹ በፍሎረንስ፣ በሳንታ ማሪያ ኖቬላ ገዳም አንድሬያ ዲ ቦናዩቶ በሣለው ሥዕል፣ ኢብን ሩሽድ ከመናፍቃን ጋር ከቶማስ አኲናስ ዙፋን ሥር ተሸንፎ ተቀምጧል። ከዚያ እስከ ራፋኤል ድረስ ያለው ለውጥ ቀላል አይደለም፤ ከተሸናፊዎች ወለል ተነሥቶ ከሊቃውንት ጋር ቆሟል።

የህዳሴው ዘመን ለሙስሊም ሊቃውንት ያለው ዕዳም ሆነ የነበረው ጥላቻ ሁለቱም እውነት ናቸው። የፍሎረንስን የነሐስ በሮች የሠራው ጊቤርቲ ስለ እይታ በጻፈው ማስታወሻ ከኢብኑል ሀይሠም «ኪታቡል መናዚር» ብዙ ወስዷል። በሌላ በኩል፣ የሰብዓዊነት አስተሳሰብ ቀዳሚ የሚባለው ፔትራርካ ለዓረቦች ዕውቀት ያለውን ንቀት በግልጽ ጽፏል። ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙዎችም ከባይዛንታይን በተገኙ የግሪክ ጽሑፎች አማካይነት የዓረብኛውን ማብራሪያ አልፈው ወደ ምንጩ ለመድረስ ጥረዋል። ስለዚህ «ሁሉም ከእኛ ነው» የሚለውም «ከእነርሱ ምንም አልተወሰደም» የሚለውም ከማስረጃ የራቀ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን ወደ ራሳችን የሚመለሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1195 ኢብን ሩሽድ ከቁርጡባ ወደ ሉሴና ተጋዘ፤ የፍልስፍና መጻሕፍቱም እንዲቃጠሉ ታዘዘ። ምሕረት ያገኘው ሊሞት ጥቂት ሲቀረው ነው። ዛሬ ስለ ነፍስ የጻፈው ረጅም ማብራሪያ በሙሉ የሚገኘው በላቲን ነው፤ በፕላቶ «ሪፐብሊክ» ላይ የጻፈው ደግሞ የቆየን በዕብራይስጥ ትርጉም ነው። የዓረብኛው ዋና ጽሑፍ ከእጃችን ወጥቷል። አውሮፓ በግድግዳዋ ላይ የሣለችውን ሰው እያሳየን ስንኮራ፣ መጽሐፉን ያልጠበቅነው እኛ መሆናችንን ለደረሶቻችን መደበቅ አማናን ማጉደል ነው።

ይሁን እንጂ በእጃችን የቀረ ታላቅ ሀብት አለ። ኢብን ሩሽድ በኢሽቢሊያና በቁርጡባ ቃዲ የነበረ ፈቂህ ነው፤ «ቢዳየቱል ሙጅተሂድ» ዛሬም ይነበባል። በዚህ ኪታብ የመዝሀቦችን ልዩነት ሲያቀርብ ዑለማኦቹ የተስማሙበትን ያስቀምጣል፤ ከዚያም የተለያዩበትን ነጥብና የመለያየታቸውን ምክንያት ይገልጻል። ይህ ሥርዓት፣ በአርስቶትል ላይ የደከመው አእምሮ በፊቅህም ላይ በዚያው ጥንቃቄ እንደሠራ ያሳያል።

ስለዚህ ለመምህራንና ለኢማሞች የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ሥዕሉን የሚጠቅስ ሰው በዚያው ትምህርት ላይ ከ«ቢዳያ» አንድ መስአላ ከፍቶ ከደረሶቹ ጋር ያንብብ፤ በሥዕሉ ያለው ሰው ማንነት ግምት መሆኑንም አብሮ ይንገራቸው። ደረሳው ከሥዕሉ የሚያገኘው በሌላ እጅ የተሣለ መልክ ነው፤ ከኪታቡ ግን ቃዲው ራሱ እንዴት ያስብ እንደነበረ ይማራል።