የወንጪን ሰማይ በምን እናንብበው? በኅብረ ከዋክብት ዕውቀት ላይ የቀረበ ሂሳዊ ዳሰሳ

ኅብረ ኮከብ የተመልካች ሥራ ነው። በአንድ ቅርጽ ተሰባስበው የሚታዩን ከዋክብት አብዛኛውን ጊዜ እርስ በርሳቸው እጅግ ይራራቃሉ፤ የሚያገናኛቸውን መስመር የሚስለው ሰው ነው። ስለዚህ አንድ ሕዝብ የትኞቹን ከዋክብት ለምን ዓላማ መረጠ ብሎ መጠየቅ የባህል ጥናት ተግባር ነው። ይህ ዳሰሳ የሰማይ ትምህርት ከቦታው ሰማይና ከአገሬው ሊቃውንት ዕውቀት መነሣት እንዳለበት በወንጪ አብነት ይሞግታል።

በአምቦና በወሊሶ መካከል የሚገኘው የወንጪ ሐይቅ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በዚህም ምክንያት የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ ከ9 ዲግሪ እምብዛም ከፍ አይልም፤ ሐይቁ ዳር ለቆመ ሰው ሐይቁን የከበበው ገደል አፋፍ ሊጋርደው ይችላል። ለሰሜኑ ዓለም የተጻፉ መማሪያዎች መነሻ የሚያደርጉት ይህ ኮከብ ታዲያ ለወንጪ ልጅ ደካማ መሪ ነው። ይልቅስ በጥር አጋማሽ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ የኦሪዮን መቀነት ወደ አናቱ ይጠጋለታል። በግንቦት መጀመሪያም በዚያው ሰዓት፣ ሰማዩ ከጠራ፣ ታላቁ ድብ በሰሜን፣ የደቡብ መስቀል በደቡብ ትይዩ ሆነው ይታያሉ። አውሮፓ የማያገኘው ጸጋ ይህ ነው።

ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1922 ያጸደቃቸው 88 ኅብረ ከዋክብት በአመዛኙ የግሪክን ትውፊት ይከተላሉ። ሴፌየስ፣ ካሲዮፒያና አንድሮሜዳ ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ያሏት አገር ንጉሥ፣ ንግሥትና ልዕልት ናቸው፤ ተረቱን የተረኩት ግን ሌሎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 ኢትዮጵያ ራሷ በአንድሮሜዳ ውስጥ ያለውን ኤችዲ 16175 የተባለ ኮከብ «ቡና»፣ ፕላኔቱንም «አቦል» ብላ ሰይማለች። መልካም ጅምር ነው፤ ይሁንና አዲስ ስም ማውጣት ነባሩን ዕውቀት መሰብሰብን አይተካም።

ነባሩ ዕውቀት ደግሞ ጥልቅ ነው። አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት የገዳ ጥናታቸው የቦረና ኦሮሞ አያንቱዎች (የዘመን ቆጠራ ሊቃውንት) ወራትን ጨረቃ ከተመረጡ ከዋክብት ጋር ባላት አቀማመጥ እንደሚለዩ አሳይተዋል። ላሚ (ትሪያንጉለም)፣ ቡሳን (ሰባቱ ከዋክብት)፣ በካልቻ (አልደባራን)፣ አርብ ገዱ (በኦሪዮን መካከል ያሉት) እና ባሳ (ሲሪየስ) ከእነዚህ መካከል ናቸው። ዓመቱ 12 የጨረቃ ወራት አሉት፤ የቀናቱ ስሞች 27 ናቸው። እዚህ ላይ የከዋክብቱ ተግባር ጀግኖችን ማሳየት ሳይሆን ጊዜን መለካት ነው። የግእዙ መጽሐፈ ሔኖክም ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ፀሐይ የምትወጣባቸውን 6 ደጆች ይቆጥራል፤ ሰማዩን የሚያነበው ለዘመን ስሌት ነው። በሐይቁ ደሴት ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስላለ የኦሮሞና የግእዝ ትውፊቶች በወንጪ ጎረቤታሞች ናቸው።

ሆኖም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ተመራማሪው ሎረንስ ዶይል እ.ኤ.አ. በ1986 የቦረናን ቀመር በሥነ ፈለክ ስሌት ዳግም ሲተረጉም ክርክር ተነሥቷል፤ ሌላው ተመራማሪ ማርኮ ባሲ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው የመስክ ዘገባ ግን ጥያቄውን ይዞ የሄደው ወደ አያንቱዎቹ ነበር። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ስሌት ባለዕውቀቱን አይተካም። በዚያው ልክ፣ የቦረናን ዝርዝር አንሥቶ «የወንጪ ሰማይ ይህ ነው» ማለት ሌላ ስሕተት ይሆናል። ወንጪ የሜጫ ኦሮሞ ምድር ነው፤ የሜጫ አረጋውያን ስለ ሰማይ የሚሉት በራሳቸው አንደበት መመዝገብ አለበት።

ወንጪ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ተብላለች። እንግዳው እየበዛ፣ መብራቱም እየተስፋፋ ሲሄድ የሌሊቱ ጨለማ ራሱ ጥበቃ የሚሻ ቅርስ ይሆናል። የአምቦ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ፣ የታሪክና የፊዚክስ መምህራን የአረጋውያኑን ዕውቀት ቀረጻ በጋራ ይጀምሩት፤ የአካባቢው አስጎብኚዎችም ከሰሜን ኮከብ በፊት ሰባቱን ከዋክብት ማሳየት ይልመዱ። አረጋውያኑን የምንጠይቅበት ጊዜ አሁን ነው።