ሰማይን ያስገባ መስኮትና ወደ ሰማይ የወጣ ሸራ

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዪቱ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ምድር ስትመጥቅ የጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሰው በሁለት ተከፈለ። ገሚሱ «እሰይ!» አለ፤ ገሚሱ ደግሞ «በቧንቧው ውሃ ሳይኖር በሰማይ ምን እንሠራለን?» ሲል ጠየቀ። ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። ዳሩ ግን እኔን ከልጅነቴ ጀምሮ የጠፈር ነገር የሚያስጎመጀኝን ሰው ያሳዘነኝ ሌላ ነበር። ይኸውም ደስታችንን ይገልጻሉ ተብለው ያየኋቸው ሥዕሎች ሰንደቅ ዓላማ የተቀባች ሮኬት ከመሆን አለማለፋቸው ነው። ጠፈርን ከባዕድ መኪና ጋራ ብቻ የምናያይዘው ከሆነ፣ የገዛ ሠዓሊዎቻችን ከ50 ዓመት በፊት የደረሱበትን ረስተናል ማለት ነው።

በኢጣሊያዊው አርክቴክት በአርቱሮ መዘዲሚ ንድፍ የተሠራው የአፍሪካ አዳራሽ የተመረቀው በ1953 ዓ.ም. ነው። ዩሪ ጋጋሪንም ምድርን የዞረው በዚያው ዓመት፣ ሚያዝያ 4 ቀን ነበር። አፈወርቅ ተክሌ ለአዳራሹ የሠሩት የመስተዋት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው፣ በሦስት ክፍል ሆኖ የአፍሪካን መከራ፣ ትግልና ተስፋ ይተርካል። ብዙ ሰው የሚያደንቀው ይህን ትረካ ነው። እኔ ግን ትረካው የሥራው ደካማ ጎን ነው ባይ ነኝ። ሰዎቹ እንደ ሐውልት ቆመዋል፤ ችቦው ምን ማለት እንደ ሆነም አስቀድሞ ስለሚነገረን ለማሰብ ፋታ አናገኝም።

የሥራው ኀይል ያለው በብርሃኑ ላይ ነው። የአዳራሹ እድሳት በ2017 ዓ.ም. ከተፈጸመ በኋላ ገብቼ ባየሁ ጊዜ፣ ደመና ሲያልፍ ሥዕሉ ሲጠወልግ፣ ፀሐይ ስትመለስ ደግሞ ሲነሣ ተመለከትሁ። 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ተጉዞ የመጣ ብርሃን ቀይና ቢጫ ለብሶ ወደ ቤት ይገባል። እንጦጦ ላይ በ3200 ሜትር ከፍታ የቆሙት ሁለቱ ቴሌስኮፖች መስተዋታቸው አንድ አንድ ሜትር ነው፤ ሥራቸውም ከዚህ መስኮት ሥራ እምብዛም አይርቅም። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ቁመቱ 209 ሜትር የሆነው የንግድ ባንክ ሕንጻም መስተዋት ለብሷል፤ ነገር ግን መስተዋቱ ሰማይን ወደ መጣበት ይመልሰዋል እንጂ ለመንገደኛው አያካፍለውም። (ማታ መብራቱ ሲበራ ማማሩን አልክድም።)

ወደ እስክንድር ቦጎስያን ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። «የሥጋትና የሐሤት የሌሊት በረራ» ሊባል የሚችለውን ሥዕል በፈረንጆች 1964 ሲሠሩ በፓሪስ ይኖሩ ነበር። ጋጋሪን ከበረረ ገና ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሆኖም በሸራው ላይ ሮኬት የለም። በጨለማው ጠፈር ውስጥ ክንፋሞች ፍጡራን ይበርራሉ። የደብተራ ጠልሰም ያየ ሰው የእነዚህን ፍጡራን ዘመዶች በብራና ላይ ያውቃቸዋል፤ የፓውል ክሌንና የዊፍሬዶ ላምን ሥራ ያየም እንዲሁ ሌሎች ዘመዶቻቸውን ያውቃል። እግር የሚረግጠው መሬት የለም። የአፈወርቅ ሰዎች ብርሃኑን መሬት ላይ ቆመው ይቀበላሉ፤ የእስክንድር ፍጡራን መሬቱን ጥለው ሄደዋል።

እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ አርእስቱ ነው። በዚያ ዘመን የጠፈር በረራ የድል ዜና ነበር፤ እስክንድር ግን ሥጋትን ከሐሤት አስቀደሙ። ከምድር መለየት ምን ያህል የሚያስፈራ እንደ ሆነ ሳይናገር ስለ ጠፈር የሚያወራ ጥበብ ማስታወቂያ እንጂ ጥበብ አይደለም። አንድ የፊዚክስ ተማሪ ወዳጄ «ሁለቱም ስለ ጠፈር አልሣሉም፤ አንተ ነህ የጨመርህባቸው» ብሎ ተከራክሮኛል። ስለ አፈወርቅ እውነቱን ነው፤ የእርሳቸው ጉዳይ አፍሪካ ነበረች፣ ሰማዩ የገባው በመስኮቱ በኩል ነው። ስለ እስክንድር ግን አልስማማም።

አንድ በደል መሥራቴን ግን ልናገር። የአፈወርቅን መስኮት በታክሲ ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ። የእስክንድር ሸራ ያለው በአሜሪካ፣ በሰሜን ካሮላይና የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው፤ እኔ የማውቀው መዳፍ በምታህል የመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ነው። ሠዓሊው በቀለሙ መካከል የለጠፏቸው ቁርጥራጮች በኅትመቱ ላይ ከቀለሙ ጋራ ተስተካክለው ተኝተዋል። እንዲህም ሆኖ መርጬ አንዱን ውሰድ ብባል፣ ያችን የመጽሐፍ ገጽ እወስዳለሁ።