ፍርሃት፣ ትንቢትና ለቅሶ፦ በሐዲያና በከምባታ ወንጌላውያን አማኞች ሕይወት ላይ የቀረበ ሂሳዊ ዳሰሳ

በአማርኛ አነጋገር ተስፋ የሚቆርጠው ሰውየው ራሱ ነው፤ ቃሉ ኀዘን ያደረሰበትን ሳይሆን እርሱ ያደረገውን ይናገራልና፣ ይህ ልማድ ወደ ስብከት በገባ ጊዜ ልቡ የዛለውን አማኝ በእምነት ጉድለት ለመክሰስ ያመቻል። የሐዲያና የከምባታ ወንጌላውያን ታሪክ ግን ከዚህ የተለየ ግንዛቤ ያስተምራል።

በ1920 ዓ.ም. በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት ወደ ደቡብ የመጡት የሱዳን ኢንተርየር ሚሽን ሚሲዮናውያን፣ ማለትም ለዛሬዋ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን መሠረት የጣሉት፣ ሆሳዕናና ሶዶ ላይ ጣቢያ ከከፈቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በጣሊያን ወረራ ምክንያት አካባቢውን ለቀው ለመውጣት ተገደዱ። በቁጥር ጥቂት የነበሩት አማኞች ያለ ውጭ ረዳት ቀርተው ሳለ በ1933 ዓ.ም. ወረራው ሲያበቃ እጅግ በዝተው ተገኙ። በጎረቤት ወላይታ መሪዎቹ ሲታሰሩና ሲገረፉ ምእመናን ስንቅ ያመላልሱላቸው ነበር፤ ፍርሃትን የመቋቋም አቅም የአንድ ሰው የልብ ጥንካሬ ሳይሆን በእስር ቤት ደጃፍ በሚደርስ ምግብ የሚታይ የጋራ ሥራ እንደ ነበር ከዚህ ይታያል። በደርግ ዘመን ብዙ የጸሎት ቤቶች ተዘግተው መሪዎች ሲታሰሩም፣ ጥበበ እሸቴ የወንጌላውያኑን እንቅስቃሴ ታሪክ በመረመሩበት ሥራቸው እንዳሳዩት፣ እምነቱ በየቤቱ በሚሰበሰቡ ኅቡዕ ኅብረቶች ተጠብቆ ቆየ። በሁለቱም ዘመናት ያለ ጉዳት ለማምለጥ ዋስትና የተሰጠው አልነበረም፤ የነበረው የተስፋ ቃል ብቻህን አይደለህም የሚል ሲሆን፣ ቃሉን እውነት የሚያደርጉትም ስንቅ ይዘው የሚመጡት ሰዎች ነበሩ።

የዛሬው ፍርሃት መልኩ ሌላ ነው። ከአና ሌሞ ወረዳ ዋና ከተማ ከፎንቆ፣ ከሆሳዕናና ከዙሪያቸው፣ የአባት ማሳ የማይዳረሳቸው ወጣቶች በተለምዶ «ሳውዝ» ወደምትባለው ደቡብ አፍሪካ የሚያደርጉት ጉዞ በደላላ ተመርቶ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ በኩል ያልፋል። ደረጀ ፈይሳ ስለዚህ ፍልሰት ባደረጉት ጥናት እንደገለጹት፣ ፍልሰቱ መለኮታዊ ፈቃድ ያለው መሆኑን የሚናገሩ ትንቢቶች የውሳኔው አካል ሆነዋል፤ ተጓዡም ቤተሰቡም ልባቸው የሚጸናው በዚሁ ነው። ለእናት በሌሊት እንቅልፍ የሚሰጥን ቃል እንደ ተራ ማታለል መቁጠር ስሕተት ይሆናል። ይሁን እንጂ ይህ ቃል ከቀደመው በመሠረቱ ይለያል፤ የቀደመው ጉዳቱ ሲደርስ አብሮ ለመሆን ቃል የገባ ሲሆን፣ ይህኛው ግን ጉዳቱ እንደማይደርስ ያረጋግጣል፤ በመሆኑም አደጋው ሲደርስ የሚቀረው ኀዘን ብቻ ሳይሆን የተሰበረ እምነትም ጭምር ነው።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ክፍለ ሀገር በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። እንዲህ ያለ ዜና በሚያንኳኳው ቤት፣ በትንቢት ተጽናንታ ልጇን የሸኘች እናት እምነትሽ ጎድሎ ይሆናል ብትባል ሁለት ጊዜ ትጎዳለች። በመጽሐፈ ነገሥት ነቢዩ ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ በታች ሞትን ሲለምን ተግሣጽ አልቀደመውም፤ እንቅልፍ፣ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ቀረበለት፤ ከበላና ከጠጣ በኋላም ደግሞ እንዲተኛ ተተወ፤ የሚጠየቅበት ጊዜ የመጣው ከረጅም መንገድ በኋላ ነው። ከመዝሙረ ዳዊት ሰፊ ክፍልም የምስጋና ሳይሆን የእንጉርጉሮ ጸሎት፣ ማለትም መከራን በአምላክ ፊት ሳይሸፍኑ ማሰማት፣ ሆኖ ሳለ በድል ዝማሬ በሚሞላው የእሑድ ጉባኤ እምብዛም ሥፍራ አያገኝም። የደቡቡ ማኅበረሰብ ለቅሶ ላይ ግን ይህ ሥፍራ ከጥንት አለ፤ ጎረቤት ቆጮና ቡና ይዞ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ብዙም አይናገርም፤ አስከሬን ባልመጣበት ቤትም ቢሆን ድንኳኑ ይተከላል።