የጆርጂያና ጉንጭ፤ ስለ ሆቶርን «የልደት ምልክት» እና ስለ መልክ ኦፕራሲዮን

አሜሪካዊው ደራሲ ናትናኤል ሆቶርን እ.ኤ.አ. በ1843 ዓ.ም. ያወጣውን «የልደት ምልክት» የተባለ አጭር ታሪክ በመጀመሪያ ያነበብሁት በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ ነው። መምህራችን መጽሐፉን ከከደኑ በኋላ በጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉልን፤ ይኸውም ሰው የፈጣሪን ሥራ አርማለሁ ሲል ያጠፋዋል የሚል ነበር። እኛም ገለበጥነው፤ በፈተና ላይ መልሰን ጻፍነው፤ ማርክም አገኘንበት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታሪኩን እንደገና ሳነበው ግን ያ ዓረፍተ ነገር ጠበበው። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው፥ ታሪኩ ስለ መልክ ኦፕራሲዮን የሚያስተምረን ከዚያ የጠለቀ መሆኑን፥ ደግሞም ደራሲው ራሱ የሳተው ነገር መኖሩን ነው።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አይልመር የተባለ የሳይንስ ሊቅ ጆርጂያና የምትባል እጅግ የተዋበች ሴት ያገባል። በግራ ጉንጭዋ ላይ የትንሽ እጅ ቅርጽ ያላት ቀይ ምልክት አለች። ባልዮው ከሠርጉ በኋላ ከዚያች ምልክት በቀር ሌላ ማየት ይሳነዋል። ምልክቷን ሲቈርጣት ሥርዋ እስከ ልብ ድረስ ሲዘልቅ በሕልሙ ያያል። በመጨረሻ ሚስቱ እርሱ የቀመመውን ፈሳሽ ትጠጣለች፤ ምልክቷ ትጠፋለች፤ ጆርጂያናም አብራ ትሞታለች።

በመጀመሪያ ልናስተውለው የሚገባ ነገር ጆርጂያና ታማ አለመሆንዋ ነው። ከጋብቻዋ በፊት ወዳጆችዋ ያችን ምልክት በተወለደች ጊዜ መልካም መንፈስ እጅዋን ያሳረፈችባት ማኅተም ናት ይሉ ነበር። በእኛም አገር እንዲህ ያለ ምልክት ያለበት ልጅ ሲታይ «ማርያም የሳመችው ነው» ይባላል። በሌላ በኩል አንዳንድ ሴቶች ምልክቷ ውበትዋን ታበላሻለች ይሉ እንደ ነበረ ደራሲው ይነግረናል። የአይልመር ሎሌ አሚናዳብ ግን ሚስቴ ብትሆን ኖሮ ያችን ምልክት አልለቃትም ይላል። እንግዲህ ጉንጩ አንድ ሲሆን የተመልካቹ ዓይን ብዙ ነው። ጉድለት የሆነችው ምልክቷ ሳትሆን የባልዋ አተያይ ናት።

ይህን ይዘን ወደ ዛሬው ሕክምና እንመለስ። ፈረንጆች ፕላስቲክ ሰርጀሪ የሚሉት ሙያ ስሙን ያገኘው መቅረጽ ከሚል የግሪክ ቃል ነው፤ ከላስቲክ ዕቃ ጋር ዝምድና የለውም። ሙያው በሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው በቃጠሎ፥ በአደጋ፥ በበሽታ ወይም በተፈጥሮ የተጐዳውን አካል የሚጠግን ነው፤ ሁለተኛው ጤናማውን አካል ለማሳመር የሚደረግ ነው። ዓለም አቀፉ የመልክ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ባወጣው ጥናት መሠረት በ2024 ከሁሉ ይበልጥ የተደረገው የዓይን ቆብ ኦፕራሲዮን ሲሆን ቁጥሩ ከ2 ሚሊዮን ይበልጣል። ስብን በቱቦ መምጠጥ፥ ጡትን በሲሊኮን ማተለቅ፥ የሆድን ቆዳ መቀነስና አፍንጫን ማስተካከልም ከተለመዱት ውስጥ ናቸው። የሲሊኮን ጡት በመጀመሪያ የተተከለው በ1962 በአሜሪካ በሂውስተን ከተማ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ያለ አደጋ የሚደረግ አንድም የለም። ከሆድ የተመጠጠው ስብ ወደ መቀመጫ ሲገባ፥ መርፌው ጠልቆ ስቡ በደም ሥር ወደ ሳንባ ከሄደ ይገድላል፤ በዚህም ጤነኛ ሆነው ገብተው የሞቱ ሴቶች አሉ።

የመምህራችንን ዓረፍተ ነገር ከተቀበልን ግን ይህን ሁሉ በአንድነት ልናወግዝ ነው። የቦሎኛው ሐኪም ጋስፓሬ ታልያኮዚ ከክንድ ላይ በተነሣ ቆዳ የተቈረጠ አፍንጫ እንዴት እንደሚሠራ በ1597 ጽፎአል። ሃሮልድ ጊሊስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ አገር ፊታቸው በጥይትና በመድፍ ፍንጣሪ የፈረሰባቸውን ወታደሮች ፊት መልሶ አበጅቶአል። እነዚህን ሰዎች የፈጣሪን ሥራ አበላሹ የሚል ማን ነው?

ይህን የምጠይቀው ለክርክር ያህል ብቻ አይደለም። ታናሽ እኅቴ በአምስት ዓመትዋ የፈላ ድስት ተገልብጦባት አገጭዋ ወደ ደረትዋ ተጣብቆ ነበር። ሐኪሞች ጠባሳውን ፈትተው ከጭንዋ ቆዳ ወስደው ሲለጥፉላት ዘመድ ሁሉ እግዚአብሔርን አመሰገነ። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት በጉንጭዋ ላይ የቀረው ጠባሳ እንዲስተካከልላት ብትለምን ግን እነዚያው ዘመዶች «ይህስ ለቁንጅና ነው» ብለው ተቈጡ። ቃጠሎው አንድ፥ ፊቱም አንድ ነው። ድንበሩን ማን አሰመረው?

በእኔ አስተያየት ድንበሩ በአካል ክፍል ወይም በኦፕራሲዮን ዓይነት የሚሰመር አይደለም። የዓይን ቆብ ኦፕራሲዮን የወረደ ቆዳ ማየት ለከለከለው ሽማግሌ ብርሃን ነው፤ ለሌላው ጌጥ ነው። የአፍንጫም ኦፕራሲዮን እንደዚሁ ነው፤ አንዱን ያስተነፍሰዋል፥ ሌላውን ያሳምረዋል። በአገራችንም እናቶቻችን አንገታቸውንና ድዳቸውን ተነቅሰው አጊጠዋል፤ ዛሬ ደግሞ ያንኑ ንቅሳት በሌዘር የሚያስጠፉ አሉ። ስለዚህ ከታሪኩ የምንወስደው ሁለት ጥያቄ ነው። አንደኛ፥ ጉድለቱን ያየችው የማን ዓይን ናት? ሁለተኛ፥ አደጋው በግልጽ ተነግሮአልን? አይልመር በሁለቱም ወደቀ። ሚስቱ ሳታውቅ ጠንካራ መድኃኒት አስቀድሞ ሰጥቶአት ነበር። እርስዋም የሥራውን መዝገብ ገልጣ ስታነብ፥ ታላቅ የተባለው ሥራው እንኳ ካሰበው ሲመዘን ውድቀት ሆኖ አገኘችው። ሆቶርን ይህን በማሳየቱ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ዛሬ ሐኪም በሽተኛውን ሳያስረዳና ሳያስፈቅድ መቅደድ እንደማይገባው የምንማረውን ነገር እርሱ አስቀድሞ በታሪክ መልክ አስቀምጦታል።

ጉድለቱ ግን ከዚህ ይጀምራል። ጆርጂያና በመጀመሪያ ስትጠየቅ፥ ብዙ ሰው ውበት ስላለው እኔም የዋህ ሆኜ ውበት መስሎኝ ነበር ትላለች። ይህ የራስዋ ድምፅ ነው። ከዚያ በኋላ ይህ ድምፅ እየደከመ ይሄዳል፤ ምልክቷን ከባልዋ ይልቅ ትጠላታለች፥ ብሞትም ትጥፋልኝ ትላለች፥ በሞት አፋፍም ሆና የእርሱን ሐሳብ ከፍተኛነት ታደንቃለች። ደራሲው ፈቃድዋን ያሳየናል፤ ፈቃዱ ከማን ዓይን እንደ ተወለደ ግን እርስዋ ራስዋ እንድትጠይቅ አንድ ጊዜ እንኳ አያደርጋትም። ከዚህም የባሰ፥ በመደምደሚያው አይልመር የበለጠ ጥበብ ቢኖረው ኖሮ ደስታውን ባልጣለ ነበር እያለ ያዝናል። ሕይወትዋን ያጣችው ሚስት ሳለች፥ በመጨረሻው ገጽ የሚቈጠረው የባል ኪሳራ ነው። መምህራችንም ሳያስቡት ይህንኑ መንገድ የተከተሉ ይመስለኛል፤ በሰሌዳው ላይ ፈጣሪና ሊቁ ነበሩ፤ ጆርጂያና ግን አልነበረችም።

እንግዲህ ታሪኩ ኦፕራሲዮንን ሁሉ የሚከለክል ሕግ ሳይሆን፥ ስለ ሌላ ሰው ፊት የሚፈርድ ሰው ሁሉ ራሱን የሚመረምርበት መስተዋት ነው። ይህ ምርመራ «አስተካክለሽ ነይ» ለሚለው ባል ብቻ ሳይሆን «እንዳትነኪው» ለሚለው ዘመድም ይገባል። እኅቴን ባለፈው ክረምት ስለ ጠባሳዋ ምን እንደምታስብ ጠየቅኋት። «ሰው መጀመሪያ ስሜን እንዲጠይቀኝ ነው የምፈልገው» አለችኝ። ቤተ ዘመዱ ዐሥር ጊዜ ሲመክርበት ይህን የጠየቃት አልነበረም፤ እኔም ጭምር።