ከኖባ ሸለቆ የዳነውና የሰጠመው

የአስዋን ታላቅ ግድብ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1960 ሲጀመር፣ የዓባይ ውሃ ወደ ኋላ ተኝቶ የግብፅንና የሱዳንን ኖባ እንደሚያሰጥም የታወቀ ነበር። ዩኔስኮ በዚያው ዓመት ባሰማው ጥሪ ብዙ መንግሥታት ገንዘብና ሊቃውንት ላኩ፤ ዘመቻውም እስከ 1980 ቆየ። የሥራው ታላቅነት አይካድም። ዳሩ ግን ኖባ እንደ ዳነች ተደርጎ ስለሚነገር፣ የዳነው ምን እንደ ሆነ መመርመር ይገባል።

የአቡ ሲምበል ቤተ መቅደሶች ከ1964 እስከ 1968 ባለው ጊዜ እየተቆረጡ ከቀድሞ ስፍራቸው 65 ሜትር ያህል ከፍ ብለው ተተከሉ። በቡሄን ደግሞ የንግሥት ሐትሼፕሱት የድንጋይ ቤተ መቅደስ ፈርሶ ወደ ካርቱም ሲወሰድ፣ በዙሪያው የነበረው ሰፊ ምሽግ ከጭቃ ጡብ የተሠራ ስለ ነበረ ከተቆፈረና ከተጠና በኋላ ሰጠመ። እንግዲህ ለመዳን የበቃው ከሁሉ ይልቅ ሊጓጓዝ የሚችለው ነው።

በፋራስ የካዚሚየርዝ ሚካሎቭስኪ የፖላንድ ቡድን አሸዋ ከሸፈነው ካቴድራል ከ120 የሚበልጡ የግድግዳ ሥዕሎችን አገኘ። የተላቀቁት ሥዕሎች ለካርቱምና ለዋርሶ ተከፈሉ። በእቶነ እሳት የቆሙት የሠለስቱ ደቂቅ ሥዕል ለካርቱም ደረሰ። ሥዕሎቹ ከውሃ ዳኑ፤ ነገር ግን በአንድ ጣራ ሥር የነበራቸውን ኅብረት አጡ።

ከሁሉ የሚከብደው የሕዝቡ ነገር ነው። ከዋዲ ሐልፋና ከአካባቢው 50,000 ያህል የሱዳን ኖባውያን፣ የተከዜ ውሃ ወደሚገባበት ወደ አትባራ ወንዝ፣ ኻሽም ኤል ጊርባ ወደሚባል ስፍራ ተዛወሩ። የተምር ዛፎቻቸው፣ ያጌጡ ቤቶቻቸውና የአባቶቻቸው መቃብር በኋላቸው ቀረ። በግብፅ በኩል የካይሮው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሕዝቡን ኑሮ ማጥናቱ የሚመሰገን ነው፤ ሆኖም ጥናት ፍልሰትን አያስቀርም።

ስለዚህ ዘመቻው በድንጋይ ሲመዘን ድል፣ በሸለቆው ሲመዘን ግን ከፊል ትርፍ ነው። ግድብ የሚሠራ መንግሥት ሁሉ ከዚህ ሊማር የሚገባው፣ ቆፋሪውና የሕዝብ ባህል አጥኚው ንድፉ ከጸደቀ በኋላ ሳይሆን ገና ሲመከርበት መጠራት እንዳለባቸው ነው። ያን ጊዜ ጥያቄው ምን ይነሣ የሚል ብቻ ሳይሆን፣ ምን በስፍራው ይቅር የሚል ጭምር ይሆናል።