«ሻማ» ስንት ነው? በብርሃን መለኪያዎች ልወጣ ትምህርት ላይ የቀረበ ሒስ

ይህ ጸሐፊ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያ እንደመሆኑ መጠን፣ ዕጩ መምህራን በልምምድ ላይ ሳሉ ተዘዋውሮ የመመልከት ዕድል አለው። ከዚህ በታች የሚቀርበውም ሒስ በደምበጫ ከተማ ውስጥ በታየ አንድ የፊዚክስ ክፍለ ጊዜና ለዚሁ ትምህርት በመርጃነት በቀረበ የተባዛ ጽሑፍ ላይ የተመሠረተ ነው። ዓላማው ዕጩ መምህሩን ለመንቀፍ ሳይሆን የአሠለጣጠናችንን ጉድለት ለማመልከት ነው።

ጽሑፉ ዛሬ ከአገልግሎት ውጭ የሆኑትን የብርሃን ጥንካሬ መለኪያዎች ወደ ካንዴላ የሚለውጥ ሠንጠረዥ ይዟል። በሠንጠረዡ መሠረት 1 ካርሴል 9.74፣ 1 ሄፍነር 0.903፣ 1 ቪዮል 20.17፣ 1 ዓለም አቀፍ ሻማ ደግሞ 1.02 ካንዴላ ያህል ነው። በቁጥሮቹ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ የለም። ተማሪዎቹም 1 ካርሴል ስንት ሄፍነር እንደሚሆን ተጠይቀው፣ 9.74ን ለ0.903 አካፍለው 10.8 የሚለውን መልስ ሳይቸገሩ ሰጥተዋል። ይሁን እንጂ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ከሱቅ የምንገዛው ባለ 9 ሻማ አምፖል እንዴት ከድሮው ባለ 60 ሻማ እኩል ያበራል?» ብላ በጠየቀች ጊዜ፣ ከሠንጠረዡም ከመምህሩም መልስ አልተገኘም። ጥያቄው ከርእሱ ውጭ ነው ተብሎ ታለፈ።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን ጥያቄው የርእሱ እምብርት ነበር። ሠንጠረዡ የሸሸገው ነገር ቢኖር፣ ከእያንዳንዱ ስም በስተጀርባ በእጅ የሚዳሰስ መብራት መኖሩን ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1860 በወጣው የጋዝ ሕግ የተወሰነው ሻማ፣ ከዓሣ ነባሪ ራስ ከሚገኝ ሰም የሚሠራና በሰዓት 120 ግሬን፣ ማለትም 7.8 ግራም ያህል፣ የሚነድ ነበር። የፈረንሳዩ ካርሴል በሰዓት 42 ግራም የኮልዛ ዘይት የሚያቃጥል መብራት ሲሆን፣ ኮልዛ በጎጃም ደጋ ገበሬ ዘንድ የሚታወቀው የጎመን ዘር የቅርብ ዘመድ ነው። ጀርመናዊው ሄፍነር አልተኔክ በ1884 ያቀረበው መብራት አሚል አሴቴት የተባለ ፈሳሽ የሚያነድ ሲሆን፣ የነበልባሉም ቁመት 40 ሚሊሜትር ሆኖ እንዲጠበቅ ግዴታ ነበር። ከሄፍነር ቀደም ብሎ በ1881 ፈረንሳዊው ቪዮል ነበልባልን ትቶ፣ በመቅለጫው ሙቀት ላይ ያለ የፕላቲኒየም 1 ካሬ ሳንቲሜትር ገጽ የሚሰጠውን ብርሃን መለኪያ ለማድረግ ሐሳብ አቅርቧል።

ስለዚህ 0.903 የሚለው ቁጥር የአንድን መብራት ብርሃን ከሌላው ጋር ጎን ለጎን አድርጎ በማመዛዘን የተገኘ ውጤት ነው። የሄፍነር ነበልባል ቀላ ያለ በመሆኑ፣ ነጣ ካለ መብራት ጋር ሲነጻጸር ዓይን ያመነታል፤ የማባዣውም ዋጋ እንደ ብርሃኑ ቀለም በመጠኑ ይለዋወጣል። በ1909 የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ቤተ ሙከራዎች በአንድ ዓለም አቀፍ ሻማ ሲስማሙ፣ ጀርመን በሄፍነር ጸንታ ቀርታለች። ካንዴላ የሚለው ስም የጸደቀው በ1948 ሲሆን፣ ትርጓሜው ከፕላቲኒየም ተላቅቆ በዋትና በአንድ በተወሰነ የብርሃን ሞገድ ላይ የተመሠረተው በ1979 ነው። ይህን ታሪክ ያልሰማ ተማሪ ማካፈልን እንጂ መለካትን አልተማረም።

አሁን ወደ ተማሪዋ ጥያቄ እንመለስ። በአገራችን ገበያ የአምፖል ዋት «ሻማ» ተብሎ እንደሚጠራ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ዋት አምፖሉ በየሰከንዱ የሚበላው የኤሌክትሪክ ጉልበት መለኪያ ሲሆን፣ ካንዴላ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚወጣውን ብርሃን ይለካል። ባለ 60 ዋቱ የክር አምፖል በጠቅላላው ወደ 700 ሉመን ይሰጥ ነበር፤ ይህ በየአቅጣጫው ሲከፋፈል በአማካይ 56 ካንዴላ ያህል ይሆናል። በመሆኑም በክር አምፖል ዘመን ዋትን ሻማ ብሎ መጥራት እምብዛም አላሳሳተም። ባለ 9 ዋቱ ኤልኢዲ ግን ወደ 800 ሉመን፣ ማለትም በአማካይ 64 ካንዴላ ያህል ይሰጣል። በአንደኛው ለ1 ዋት 1 ካንዴላ ገደማ፣ በሌላው ደግሞ 7 ካንዴላ ገደማ ደረሰ ማለት ነው። ሄፍነርን ወደ ካንዴላ መለወጥ የሚቻለው ሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር ስለሚለኩ ነው፤ ዋትን ወደ ካንዴላ የሚለውጥ ቋሚ ማባዣ ግን የለም። የተማሪዋ ጥያቄ ይህን ልዩነት ለማስተማር የተገኘ ምቹ አጋጣሚ ነበር።

አንዳንድ ባልደረቦች የሞቱ መለኪያዎች ከነጭራሹ ከትምህርቱ ይውጡ ይላሉ። ሠንጠረዡን ማሸምደድ ይቅር በሚለው ይህ ጸሐፊም ይስማማል። ታሪኩ ከነሙከራው ቢቀር ግን ጉዳቱ ያመዝናል። ለሙከራው ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በወረቀት መካከል አንድ ጠብታ ዘይት አኑሮ፣ ክፍሉን አጨልሞ፣ ወረቀቱን በአንድ ሻማና በአንድ ፋኖስ መካከል ማቆም ይበቃል። ከሁለቱም ወገን የሚደርሰው ብርሃን እኩል ሲሆን የዘይቱ ነጥብ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ሻማው በ40፣ ፋኖሱ በ60 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ ሳሉ ነጥቡ ቢጠፋ፣ የርቀቶቹ ካሬ ሲካፈል ፋኖሱ 2.25 ሻማ መሆኑ ይታወቃል። ቀጥሎም ሻማውን በጧፍ ተክቶ ሙከራውን መድገም ነው። መልሱ ሲለያይ ተማሪው ራሱ «የትኛው ሻማ?» ብሎ ይጠይቃል። የ1860ው ሕግም፣ የ1909ኙ ስምምነትም የተነሡት ከዚሁ ጥያቄ ነው።

እንግዲህ ለዕጩ መምህራን የሚዘጋጅ ማንኛውም የልወጣ ሠንጠረዥ፣ ምን ከምን ጋር እንደተነጻጸረና ንጽጽሩም እንዴት እንደተደረገ ከቁጥሩ አጠገብ እንዲገልጽ ይህ ጸሐፊ ሐሳብ ያቀርባል። ያን ጊዜ ከሱቅ አምፖል ገዝታ የመጣች ተማሪ ለምትጠይቀው ጥያቄ መምህሩ ዝግጁ ሆኖ ይገኛል።